ጀነሬተሩ የቆረጠብን ዘፈን

በልጅነታችን በጎጃሟ አምበር ውስጥ ቴሌቪዥን የምናይበት ቤት አንድ ነበር፤ ከዋናው መንገድ ዳር ያለ ሻይ ቤት። ከአዲስ አበባ ተነሥተው በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ባሕር ዳር የሚያልፉ አውቶቡሶች አንዳንዴ ይቆሙበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አቧራቸውን ትተውለት ይሄዳሉ። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው። ባለ ቁልፍ መዝጊያ በተበጀለት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ሆኖ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ቁልፉ ከባለቤቷ ከእትየ መቀነት አይለይም። አንቴናው ጓሮ በተተከለ ረጅም ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ታስሯል፤ ነፋስ በመታው ቁጥር ምስሉ ስለሚበታተን አንድ ልጅ ሁልጊዜ ውጭ ይመደባል። ግንዱን አቅፎ ያዞራል። ከውስጥ «ትንሽ ወደ ማርቆስ!» ይባላል፤ ቀጥሎ «አይ፣ አሁን አለፈ! ወደ ሉማሜ መልሰው!» ይባላል። ግራና ቀኝ አንልም ነበር፤ አቅጣጫን በከተማ ስም ነበር የምንጠራው።

የውጩ ሥራ በተራ ነው። ተራው የደረሰው ልጅ ከጮቄ ተራራ በኩል በሚወርደው ብርድ እየተንቀጠቀጠ ድምፁን ይሰማል እንጂ ምስሉን አያይም። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ እኛ ያየነውን እንነግረዋለን፤ እሱ ደግሞ በጫጫታችን ምክንያት ያመለጠንን ቃል ይነግረናል። ያኔ ምንም አልመሰለንም። ዛሬ ግን ከዚያ ዘመን በእጃችን የቀረው ነገር ሁሉ በዚሁ መንገድ የተሰበሰበ መሆኑን አያለሁ፤ ግማሹ ካየው፣ ግማሹ ከሰማው።

ለአዋቂዎቹ ቴሌቪዥኑ የዜና ዕቃ ነበር። ገበሬው ከገበያ ሲመለስ፣ መምህሩ ደብተር አርሞ ሲጨርስ፣ ሾፌሩ ጎማ ሲያስነፋ፣ ሁሉም የሚጠብቀው ዜናውን ነው። እኛ ግን ቀደም ብለን እንመጣለን፤ ለ«የልጆች ጊዜ»። ሻይ የምንገዛበት ገንዘብ አልነበረንም። እትየ የምታስከፍለን ውሃ ነበር፤ ከምንጩ አንድ አንድ ጀሪካን ያመጣ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ያላመጣ በመስኮት ያያል። ሕጉ ለሁሉም እኩል ስለነበር ማንም አኩርፎ አያውቅም።

ከዚያ አባባ ተስፋዬ ይመጣሉ።

ለወጣት አንባቢ ማንነታቸውን መንገር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህም ያሳዝነኛል። ተስፋዬ ሣህሉ በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወለዱ። የቴአትር ሰው ነበሩ። ሴት ተዋንያን ባልተገኙበት በዚያ ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ የተጫወቱ፣ የምትሃት ትርዒት የሚያሳዩ፣ የሚያዜሙ፣ የሚያስቁ ሰው። የቃኘው ሻለቃ ጦር ኮሪያ በዘመተ ጊዜ ወታደሩን ለማዝናናት አብረው ሄደዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር የልጆችን ዝግጅት ያዙ፤ ለ42 ዓመታትም ያዙት። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፣ አገሪቱ ስንቴ ተገለባበጠች፤ የልጆቹ ወንበር ላይ ግን ያው ሰው ነበሩ። ልጆችን የዛሬ አበባ የነገ ፍሬ እያሉ ሰላም ሲሉ እኛም ከሻይ ቤቱ ወለል ላይ በአንድ ድምፅ እንመልስላቸው ነበር። እንደማይሰሙን ብናውቅም ዝም ማለት ነውር ይመስለናል። አንዴ አንድ የጭነት መኪና ረዳት «እሳቸው እኮ አይሰሟችሁም» ብሎ ሳቀብን። እትየ ቆጣ ብላ «አንተ፣ ታላቅ ሰው ሰላም ሲል ዝም ይባላል እንዴ?» አለችው።

ተረቱን ሁሉም ሰው ያስታውሳል። ጦጣና ጅብ፣ ብልጧ ጥንቸል፣ በመጨረሻም ምክሩ። ተረቱ በመጽሐፍም ስለወጣ ከናካቴው አልጠፋም። እኔን የሚያንገበግበኝ ዘፈኑ ነው። በዝግጅቱ ላይ የአዲስ አበባ ልጆች ይጋበዛሉ። ነጭ ካልሲ ያደረጉ፣ ፀጉራቸው የተሠራ፣ ማይክራፎን የማይፈሩ ልጆች። ወጥተው ቀልድ ይናገራሉ፣ ግጥም ያነባሉ፣ ይዘፍናሉ። ከአምበርም ሆነ ከሉማሜ ወይም ከየትኖራ የመጣ ልጅ እዚያ ቆሞ አላየሁም፤ ከጎጃም የመጣ እንግዳ ሲጠራም አልሰማሁም። ቢሆንም ልጆቹን አንቀናባቸውም ነበር። ዘፈናቸውን እንፈልገው ስለነበር ብቻ በጥሞና እንሰማቸዋለን። በአንዱ ጆሮ የአገራችንን የቡሄ ዜማና የእንቁጣጣሹን አበባየሆሽ ይዘን፣ በሌላው ጆሮ በኪቦርድ የታጀበውን የከተማ ዜማ ስንቀበል፣ ሁለቱ ራሳችን ውስጥ ይገናኙና ሌላ ነገር ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ነው ጀነሬተሩ የሚገባው። የሻይ ቤቱ መብራት ከጀነሬተር ነበር፤ ቤንዚን ደግሞ ከማርቆስ ነው የሚመጣው። እትየ ዜናው ሳይጀመር ቤንዚኑ ካለቀ ደንበኞቿ እንደሚቆጡ ስለምታውቅ፣ ጀሪካኑን አንሥታ ነቅነቅ አድርጋ ካየችው በኋላ «እናንተ ልጆች፣ ይበቃችኋል» ትልና ሞተሩን ታጠፋዋለች። ዜናው ሲደርስ ታስነሣዋለች። ስለዚህ ዘፈኑ መሐል ላይ ይቆረጣል። አንዲት ቀሚስ የለበሰች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ አፏን እንደከፈተች ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆና መስተዋቱ መሐል ትጠፋለች።

ያ የተቆረጠ ዘፈን ግን እዚያ አይቆምም። ወደ ቤት ስንሄድ እንቀጥለዋለን። ከመንገዱ በላይ ያለው ሰፈር አንድ ዓይነት ማብቂያ ይሠራለታል፣ ከመንገዱ በታች ያለው ሌላ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስንገናኝ «እንዲህ አይደለም!»፣ «እንዴት አባቱ አይደለም!» እየተባባልን እንጣላለን። ማንም ትክክለኛውን ስለማያውቅ ጠቡን የሚያሸንፈው ማብቂያው ያማረለት ሰፈር ነው። አንድ ዓመት ለቡሄ ከበር በር ስንዞር ከሆያ ሆዬው ቀጥለን ያን የቴሌቪዥን ዜማ በራሳችን ግጥም ጨመርንበት። አንድ ሽማግሌ በራቸው ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡንና «ይኼ የማን አገር ነው?» አሉ። ሙልሙሉን ግን ሰጡን።

ከአባባ ተስፋዬ ተረት በፊት ወይም በኋላ ካርቱን የሚመጣበት ቀን ነበር፤ ያ ቀን ትልቅ ቀን ነው። ቶምና ጄሪ። ከአሜሪካ የመጣ መሆኑን አናውቅም፤ ከየትም ቢመጣ ግድ አልነበረንም። ቶምና ጄሪ ከሞላ ጎደል አይናገሩም፤ አስተርጓሚ አያሻቸውም፤ የኒውዮርክ ልጅና የአምበር ልጅ እኩል ይገባቸዋል። ንግግሩን የተካው ሙዚቃው ነው። ስኮት ብራድሊ የሚባል ሙዚቀኛ እያንዳንዱን የድመት እርምጃ፣ እያንዳንዱን የሳህን ስብራት በኦርኬስትራ ጽፎታል። ቶም ፒያኖ ተቀምጦ የሊስትን የሀንጋሪ ራፕሶዲ የሚጫወትበት ክፍል የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ ተከታታዩ በጠቅላላው 7 ኦስካሮችን ወስዷል። ሌላ ክፍል አለ፤ «ሶሊድ ሴሬኔድ» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው። ቶም ትልቅ ክራር መሳይ ባስ ይዞ ከወደዳት ድመት መስኮት ሥር ቆሞ ይዘፍናል። የሚዘፍነው የሉዊስ ጆርዳንን ዘፈን ነው፤ በዚያ ዘመን የአሜሪካ ጥቁሮች በየጭፈራ ቤቱ የሚጨፍሩበትን። ያን ክፍል ከሻይ ቤቱ ወለል ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። ከጎኔ የነበረው ልጅ በተቀመጠበት ትከሻውን እየነቀነቀ እስክስታ ጀመረ፤ ምቱ ገባለት። የማን እንደሆነ ሳናውቅ የሉዊስ ጆርዳንን ዘፈን ጎጃም ውስጥ በትከሻ መታነው።

በውጭው ዓለም ካርቱንና የአዋቂ ሙዚቃ ከዚያ ቀደም ብለው ተጋብተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ ቢትልሶችን ካርቱን ያደረገ ባለ 39 ክፍል ተከታታይ ማሳየት ጀመረ፤ ድምፃቸውን እንኳ ሌሎች ሰዎች ናቸው የተናገሩላቸው፣ ዘፈኖቹ ግን የራሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ «ሹገር ሹገር» የተባለው የአርቺስ ዘፈን አሜሪካን አጥለቀለቀ፤ አርቺስ የሚባል ባንድ ግን በሥጋ አልነበረም፣ የካርቱን ገጸ ባሕርያት ናቸው። ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ያዩትን ወላጆቻቸው ሰኞ ሱቅ ሄደው በሸክላ ይገዛሉ። ነገሩ ንግድ ነበር፤ ንግድ ስለሆነም ተቀመጠ። የቢትልሱ ካርቱን ለብዙ አሥርት ዓመታት በይፋ ሳይሸጥ ቢቆይም ባለቤት አለው፤ ፊልሙ የሆነ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት አለ። የተቆለፈ ነገር አንድ ቀን ይከፈታል።

የኛው ለየት ይላል። በእነዚያ 42 ዓመታት የተዜመውን፣ የተተረተውን፣ የተሳቀውን ዛሬ ለማየት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ጥቂት ቅንጭብ ነው። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሁለት ተረት፣ ከቃለ ምልልስ መሐል የተቆረጠ ምስል፣ ከሕልፈታቸው በኋላ የተሠሩ የመታሰቢያ ዝግጅቶች ውስጥ የገቡ ሴኮንዶች። ልጆቹ የዘፈኑትማ የለም ማለት ይቀላል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥርጭት በቀጥታ ነበር፤ ካሜራው ፊት የሆነው ነገር አየር ላይ ወጥቶ እዚያው ያበቃል። ከዚያ በኋላም የቪዲዮ ቴፕ በየትም አገር ውድ ዕቃ ነበር፤ ጣቢያዎች በአንዱ ሥራ ላይ ሌላውን ይቀዱበታል።

በዚህ ድሆች ብቻ አልተጎዱም። ሀብታሙ ቢቢሲ እስከ እ.ኤ.አ. 1978 ድረስ የራሱን ዝግጅቶች በገፍ አጥፍቷል። «ዶክተር ሁ» የሚባለው የእንግሊዝ ልጆችና ወላጆች አብረው ያዩት የነበረ ተከታታይ ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ክፍሎቹ ወደ 100 የሚጠጉት ጠፉ። እንግሊዞች ግን አልተዉትም። ፊልሙ የተሸጠላቸውን አገሮች ዝርዝር አወጡ፤ ኢትዮጵያም ዝርዝሩ ውስጥ አለች፣ ተከታታዩ በዘመኑ በኛ ቴሌቪዥን ታይቷል። በየአገሩ መጋዘን በረበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ናይጄሪያ ውስጥ ጆስ ከተማ ካለ አንድ የቴሌቪዥን ማሠራጫ ጣቢያ 9 የጠፉ ክፍሎች መገኘታቸው ተሰማ፤ አቧራ የሸፈናቸው የፊልም ጣሳዎች። ምስላቸው ያልተገኘ ክፍሎችም ቢሆኑ ድምፃቸው ሙሉ በሙሉ አለ፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ልጅ የነበሩ ሰዎች የቴፕ ማይክራፎናቸውን ከቴሌቪዥኑ ፊት አድርገው ቀድተዋቸው ነበር። 

ይህን ሳነብ ልቤ የሄደው ወደ አጎቴ ቴፕ ነው። ጋሸ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ይዞ መጣ። አንድ ቀን ለመንነው፣ ቴፑን ሻይ ቤት ወስዶ ከቴሌቪዥኑ ሥር ወንበር ላይ አስቀምጦ የልጆችን ጊዜ ቀዳልን። ካሴቱን ቤት አምጥተን ስንሰማው ከዘፈኑ በላይ የሚሰማው የጀነሬተሩ ድምፅና የኛ «ዝም በሉ! ዝም በሉ!» ነው፤ ከሥሩ ግን ዜማው ይሰማል፣ በዚያ ቀን ደግሞ ቤንዚን ስለነበር እስከ መጨረሻው ተዘፍኗል። ለብዙ ሳምንት ሰማነው። ከዚያ የአክስቴ ሠርግ ደረሰና ካሴት አጠረ። የሠርጉ ዘፈን በዚያው ካሴት ላይ ተቀዳ። ማንም ክፉ አላሰበም። «ያ እኮ የልጆች ነው» ተባለ፤ በቃ።

ይቺን አባባል ነው ስንት ዓመት ሳላምጣት የኖርኩት። የልጆች ነው። ያጠፋን የቴፕ ውድነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላውም እኩል በጠፋ ነበር። ግን አልጠፋም። የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ አስቡት። እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ አለማየሁ የጻፉትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ በሬዲዮ ተረከው፤ ትረካው እየተደጋገመ ተላለፈ፣ በካሴት ተባዛ፣ ዛሬም በስልክ ይሰማል። ዲማና ማንኩሳ በሱ ድምፅ ስለተነገሩ የጎጃም ሰው የራሱን አገር በሱ አፍ ነው የሚያስታውሰው። የ1960ዎቹ የአዋቂ ዘፈን በአምሃ እሸቴ ሸክላዎች ላይ ስለታተመ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ መጥቶ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ለዓለም አሰማው። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ንግግር የፈለገ ሰው ስልኩን ነክቶ ያገኘዋል፤ የአብዮት በዓል ሰልፉንም እንዲሁ። ሰልፉ ተቀምጧል፣ ንግግሩ ተቀምጧል፣ የአዋቂው ዘፈን ተቀምጧል። የልጆቹ ሰዓት ብቻ «የልጆች ነው» በሚል ከዝርዝሩ ወጣ። ይህን የወሰነ አንድ ሰው ወይም አንድ ቢሮ ያለ አይመስለኝም። ጋሸ ካሴቱን ሲያጠፋ ያሰበውን ሁላችንም በየፊናችን አሰብነው።

አሁን ወዳለው ልምጣ። ሻይ ቤቱ አለ፤ እትየ አልፋለች፣ ልጇ ይሠራበታል። ጣሪያው ላይ ዲሽ ተተክሏል፣ የባሕር ዛፉ ግንድ ማገዶ ከሆነ ቆይቷል። ቴሌቪዥኑ ጠፍጣፋ ባለ ቀለም ነው፤ ቁልፍ ያለው ሣጥን አያሻውም። ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ ኳስ ይታይበታል፤ ልጆች የሉም። ልጆቹ እቤታቸው ናቸው፣ በእናታቸው ስልክ ላይ አቀርቅረዋል።

የወንድሜ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። «ቤቢ ሻርክ»ን ከዳር እስከ ዳር ታውቀዋለች፤ እጇን እንዴት እንደምታደርግ፣ ሻርኳ አያት ስትመጣ ጥርሷን እንዴት እንደምትሸፍን ሳይቀር። እሷ የምታየውን ቪዲዮ የሠራው ፒንክፎንግ የሚባል የደቡብ ኮሪያ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ዩቲዩብ ላይ 10 ቢሊዮን ጊዜ የታየ የመጀመሪያው ቪዲዮ ሆነ። እሷ እጇን እያወዛወዘች ስትዘፍን ሳያት አባባ ተስፋዬ ትዝ አሉኝ። ከቃኘው ጋር ባሕር አቋርጠው ኮሪያ የሄዱት ያቺ አገር በጦርነት ፈራርሳ፣ ሕፃናቷ ሜዳ ላይ ቀርተው በነበረበት ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ ወታደር ከደመወዙ አዋጥቶ ለኮሪያ ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ አቁሟል። ያቺ አገር ከዚያ ተነሥታ ለልጆች የሚሆን ሥዕልና ዘፈን መሥራትን ቁም ነገር አደረገችው፤ ከፍተኛ ገንዘብ መድባ፣ ሠዓሊ አሠልጥና፣ የአሜሪካን ካርቱን ሳይቀር በኮንትራት እየሣለች። ዛሬ ኮሪያ የሠራችው የልጅ ዘፈን አምበር ደርሷል። አምበር ለሚገኝ ልጅ ኢትዮጵያ የምትሠራለት ግን ከዚህ የቀረበ መንገድ ያለው ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ አይደርስም።

ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች መምህርት ከባለቤቷ ጋር ሆና «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ስትጀምር የመጀመሪያዎቹ አሻንጉሊቶች ቤት ውስጥ የተሠሩ ነበሩ። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ትጠይቃለች፣ ትሳሳታለች፣ ትዘፍናለች። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ፕራይዝን አሸንፏል። ከዚያም በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የሚባለውን የሦስት ልጃገረዶች ካርቱን የብሩክታዊት ድርጅት ሠራ፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰለ ጉዳይ የሚነካ። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለጎጃም ገጠር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከክፍላችን አምስተኛ ሳይደርሱ የቀሩት ሴቶች ስም አሁንም ከአፌ አይጠፋም። ያን ካርቱን እነሱ በልጅነታቸው አይተውት ቢሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ግን ብርቅ ነው፤ በእርዳታና በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ቆሟል፤ ሰዎቹ ሲደክሙ ይቆማል።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ኢንተርኔት ተቋረጠ። መቋረጡ ለሳምንት ይመስል ነበር፤ ለብዙ ወራት ሆነ። ከመንገዱና ከትምህርቱ መቋረጥ ጋር ሲነጻጸር የካርቱን ነገር ትንሽ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሰው የሚያስጨንቀው ሌላ ነበር፣ ከሁሉ በፊት የሰው ሕይወት። ቢሆንም ልጆች ልጆች ናቸው። የወንድሜ ሚስት እንደነገረችኝ ልጅቷ ስልኩን እየነካች፣ ነጩ ክብ ምልክት ሲዞር እያየች ታለቅስ ነበር። «ሁሌም አለ» ሲባል የነበረው ነገር አልነበረም። በእጅ ያለው ቀድሞ ሜሞሪ ላይ የተጫነው ብቻ ሆነ። ከገበያው ዳር ሙዚቃ በፍላሽና በሜሞሪ የሚጭን አንድ ወጣት አለ፤ በዚያ ጊዜ ለልጆች የሚሆን ነገር እየተባለ በየቀኑ ይጠየቅ እንደነበር አጫወተኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የልጆች ማኅደር ቶምና ጄሪ፣ ቤቢ ሻርክ፣ አንድ ሁለት የህንድ ካርቱን ነው። በአማርኛስ? ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ፈለገና አንድ የአባባ ተስፋዬ ተረት አገኘ፤ ከየት እንደመጣ አያውቀውም፣ ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ የሚሄድ፣ መጨረሻው የተቆረጠ። «ይቺን ለጥቂት ሰው ነው የጫንኩት» አለኝ፣ «የሚወስዷት ግን ሽማግሎች ናቸው፤ ለልጆቻቸው ብለው ይወስዱና ራሳቸው ያያሉ።»

አባባ ተስፋዬ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ አለቀሰ፤ ሚኒስትሩም ሹፌሩም «እኔም የሳቸው ልጅ ነበርኩ» አለ። እውነት ነው፤ ነበርን። ያን ያህል ልጅ ያሳደጉ ሰው ሥራቸው የት ተቀምጧል ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አልሰማሁም። ከቴፑ የተረፈ ነገር በየመደርደሪያው ቢኖርም ቴፕ ይሻግታል፣ ማጫወቻ ማሽኑም ያረጃል፤ የሚያድነው ሰው ዛሬ ነው የሚያስፈልገው። በየቤቱ ያሉ ካሴቶችም እንዲሁ ናቸው። ጋሸ ቀድቶ እንዳጠፋው ሁሉ ቀድቶ ያላጠፋ ሌላ አጎት ደብረ ማርቆስ ወይም ደሴ ወይም አሰላ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ካሴቱ ላይ የሠርግ ስም ስለተጻፈበት ማንም የማይከፍተው።

በቴሌቪዥን የታዩት ልጆች ደግሞ አሉ። ነጭ ካልሲ ያደረጉት ልጆች ዛሬ አርባውን የተሻገሩ ጎልማሶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹ ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ። የዘፈኑትን ዘፈን ቴፕ ባይዘውም እነሱ ይዘውታል። የፊት ጥርሷ የወለቀባት ልጅ የት እንዳለች ባውቅ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምጠይቃት፤ እትየ ሞተሩን ካጠፋች በኋላ ምን ብላ ዘፈነች?

ባለፈው ፋሲካ ቤተሰቡ አምበር ተሰብስቦ ሳለ ያን ዘፈን አነሣሁት። እህቴ የመጀመሪያውን ስንኝ ታስታውሳለች፣ እኔ ሁለተኛውን፣ ታላቅ ወንድሜ አዝማቹን። ሦስታችንን አጋጥመን ደብተር ላይ ጻፍነው። ከዚያ የወንድሜ ሚስት ጣልቃ ገባች። እሷ ያደገችው ማርቆስ ነው፤ እነሱ ቤት መብራት ነበር፣ ቴሌቪዥን ነበር፣ ማንም መሐል ላይ አላጠፋባቸውም። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰምታዋለች። ዘፈነችልን። ማብቂያው እኛ ከምናውቀው ጋር በጭራሽ አይገናኝም፤ አጭር ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ «አጥኑ ልጆች» በሚል ዓይነት ምክር ያልቃል። እህቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀምጣ «ይኼማ አይደለም» አለች። «እንዴት አይደለም፣ እኔ እኮ አይቼዋለሁ!» አለች የማርቆሷ። «ብታይውስ!» አለች እህቴ። የአራት ዓመቷ ልጅ ስልኳን ትታ ሁለቱን ተራ በተራ ታያለች። እህቴ የኛን የላይ ሰፈሩን ማብቂያ ዘፈነችላት፤ ልጅቷም አንዴ ደግማ አለችው። የማርቆሷም «እስቲ የኔንም በይው» ብላ የራሷን አስጠናቻት። ማታውን ሁለቱንም እየቀላቀለች ስትዘፍን ነበር፤ በመሐሉም የሻርኳን ሴት አያት አስገብታበታለች። ወንድሜ በዚህኛው አልተስማማም፤ ደብተሩ ላይ አልጽፈውም ብሏል። እኔ ጽፌዋለሁ።